ሥራውን ማን ሠራው? ስለ ማግኔትና ኢንዳክሽን ትምህርት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ስለ መግነጢሳዊ መስክና ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ኢንዳክሽን፣ ማለትም በመግነጢሳዊ መስክ ለውጥ ኤሌክትሪክ ስለ መፍጠር፣ መማር ጀምረዋል። ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ምዕራፍ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያለፈውን ፈተና ሳገላብጥ ያየሁት ነገር ነው። በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ በክብ መንገድ የምትዞር የኤሌክትሪክ ሙል ያላት ቅንጣት ተሰጥታ፣ «መግነጢሳዊው ጉልበት ምን ያህል ሥራ ሠራባት?» የሚል ጥያቄ ነበር። ቀመሩን በትክክል የጻፉ ብዙ ልጆች ጉልበቱን በክቡ ዙሪያ አባዝተው ትልቅ ቁጥር አመጡ። መልሱ ግን ዜሮ ነው።

ስህተቱ የስንፍና አይደለም። በየዕለቱ ንግግራችን ሥራ ስንል ድካምን ማለታችን ነው፤ ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ የቆመ ሰው እንደሠራ እንቆጥረዋለን። በፊዚክስ ግን ሻንጣው ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ በሻንጣው ላይ ሥራ አልተሠራም። ቢንቀሳቀስም፣ ጉልበቱ በእንቅስቃሴው አቅጣጫ ወይም በተቃራኒው የሚያርፍ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። መግነጢሳዊ ጉልበት ደግሞ ምንጊዜም ከቅንጣቷ ጉዞ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። መንገዷን ያጥፋል እንጂ አያፈጥናትም፣ አያዘገያትም።

ልጃችሁ ሲያጠና ቀኝ እጁን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ሲያጣምም ብታዩት አትገረሙ። የቀኝ እጅ ሕግ በሚባለው ዘዴ የመግነጢሳዊውን ጉልበት አቅጣጫ እየፈለገ ነው። ቀኝ እጁ እርሳስ ስለያዘ ብቻ በግራው የሚሞክር ተማሪ አቅጣጫውን ገልብጦ ያወጣል፤ ይህን በየዓመቱ እናያለን። «እርሳስህን አስቀምጥ» ብትሉት ትልቅ እርዳታ ነው።

ኢንዳክሽን ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ይመጣል። ሀንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 በሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች የተገላቢጦሹን ፈለጉ፤ ማግኔት ኤሌክትሪክ ይሰጥ እንደሆነ። ማይክል ፋራዴይ በ1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦዎች ጠምጥሞ አንዱን ከባትሪ ጋር አገናኘ። በሌላው በኩል ያለው መርፌ የተወዛወዘው ባትሪው ሲገናኝና ሲለያይ ብቻ ነበር፤ በመካከል ጸጥ አለ። ምዕራፉ ሁሉ ያለው በዚህች ጸጥታ ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ቮልቴጅ የሚወልደው የመስኩ መኖር ሳይሆን መለወጡ ነው። ለምሳሌ 200 ዙር ባለው፣ ስፋቱ 0.01 ካሬ ሜትር በሆነ ጥቅልል ውስጥ በቀጥታ የሚያልፍ 0.5 ቴስላ (ቴስላ የመስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) መስክ በ0.1 ሰከንድ ወደ ዜሮ ቢወርድ፣ በአማካይ 10 ቮልት ይፈጠራል። መስኩ ሳይለወጥ ቀኑን ሙሉ ቢቆይ ምንም የለም።

እዚህ ላይ ጎበዝ ልጅ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦ መግነጢሳዊ ጉልበት ሥራ ካልሠራ፣ በኢንዳክሽን በተፈጠረ ኤሌክትሪክ አምፖል ሲበራ ኢነርጂው ከየት መጣ? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ምዕራፉ ገብቶታል። በቤተ ሙከራችን በእጅ የሚዞር ትንሽ ጄኔሬተር አለ። አምፖሉ ሲነቀል መዘውሩ በቀላሉ ይዞራል፤ አምፖሉ ሲገናኝ ግን ወዲያው ይከብዳል። በጄኔሬተሩ ሽቦ የተፈጠረው ኤሌክትሪክ እሱን ራሱን የወለደውን ለውጥ ስለሚቃወም ነው፤ ይህ ሄንሪክ ሌንዝ በ1834 ያስቀመጠው ሕግ ነው። ያንን ተቃውሞ አሸንፎ ሥራውን የሚሠራው የልጁ ክንድ ነው።

ቤት ውስጥ የመዳብ ቱቦና በውስጡ ሳይነካካ የሚያልፍ ጠንካራ ማግኔት ካላችሁ፣ ቱቦውን አቁማችሁ ማግኔቱን ከላይ ልቀቁት። መዳብ በማግኔት አይሳብም፤ ሆኖም ማግኔቱ እየተንሳፈፈ ያለ ይመስል በዝግታ ይወርዳል። ከዚያ ልጁ ያስረዳችሁ፤ ቀመር እንዲያነበንብ ግን አታድርጉት። «ምኑ ተለወጠ?» እና «ሥራውን ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁትና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ፊዚክስ ባትማሩም መልሱ ሲያመነታ ታውቁታላችሁ።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ትንንሽ ጠንካራ ማግኔቶችን ከሕፃናት አርቁ። ከአንድ በላይ ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ ተሳስበው ከባድ ጉዳት ያደርሳሉ። ማንኛውም ሙከራ ከግድግዳ ሶኬት ጋር እንዳይገናኝም አደራ እላለሁ።

ቱቦና ማግኔት ለሌላችሁ፣ ልጆቹ የትምህርት ቤቱን በየተራ ወደ ቤት እንዲወስዱ ፈቅጃለሁ። ለፊዚክስ መምህራቸው ይንገሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር