«ሰርቨሩ ዳውን ነው» ከማለታችሁ በፊት

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ከሩቅ ሆናችሁ ሰርቨሩን በትእዛዝ በምትሠሩበት በኤስኤስኤች መግባት እምቢ ሲላችሁ ብዙ ጊዜ የምትደውሉልን «ሰርቨሩ ዳውን ነው» ብላችሁ ነው። ስናየው ሰርቨሩ ሥራውን እየሠራ ነው። የተበላሸው የሰርቨሩን ስም ወደ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ቁጥር፣ የሚቀይረው ነገር ነው። የሁለቱ መፍትሔ ለየቅል ስለሆነ ራሳችሁ እንድትለዩት ይህን ጻፍንላችሁ። መደወሉን አንጠላም፤ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራስን መቻል ደስ ይላል።

መጀመሪያ የስህተት መልእክቱን አንብቡት። «ኩድ ኖት ሪዞልቭ ሆስትኔም» ካለ ሰርቨሩን ተዉት፤ መምጣታችሁን እንኳ አልሰማም። ቀጥሎ «ኔም ኦር ሰርቪስ ኖት ኖውን» የሚል ከሆነ በዚያ ስም የተመዘገበ አድራሻ አልተገኘም፤ ፊደሉን አጣሩ። «ቴምፖራሪ ፌይለር» ካለ ግን ዲኤንኤሱ (ስም ሲጠየቅ አድራሻ የሚመልሰው አገልግሎት) መልስ አልሰጠም ማለት ነው፤ ኢንተርኔታችሁን ፈትሹ። የቢሮ ውስጥ ስም ከሆነና ከቤት እየሠራችሁ ከሆነ ደግሞ ከቢሮው ኔትወርክ የሚያገናኛችሁን ቪፒኤን ማብራት ረስታችሁ ይሆናል። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ሌላ ታሪክ ነው። ስሙ አድራሻ አግኝቷል፣ እዚያ ያለ ማሽንም መልሷል፣ ኤስኤስኤች የሚገባበት በር (ፖርቱ) ግን ዝግ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አጠያየቁ ላይ ነው። ስሙን በዲግ ወይም በኤንኤስሉክአፕ ትእዛዝ ታዩና «ይኸው ትክክል ነው» ትሉናላችሁ። እነዚህ ቀጥታ ዲኤንኤሱን ነው የሚጠይቁት። ኤስኤስኤች ግን በስርዓቱ ደንብ ነው የሚሄድ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ኢቲሲ በሚባለው ማህደር ውስጥ ያለውን፣ ስምና አድራሻ በእጅ የሚጻፍበትን ሆስትስ ፋይል ነው። ይህ ፋይል ስልካችሁ ላይ እንደመዘገባችሁት ስም ነው፤ ሰውዬው ቁጥር ቢቀይርም እናንተ አሮጌውን ትደውላላችሁ።

በቅርቡ አንድ ደንበኛችንን ያንገላታው ይኸው ነበር። ሰርቨሩ አድራሻ ቀየረ፣ ዲኤንኤሱም ተስተካከለ፣ ዲግ አዲሱን ያሳያል፣ ኤስኤስኤች ግን አሮጌውን ያንኳኳል። ሆስትስ ፋይሉ ውስጥ አንድ የቀድሞ ቴክኒሻን ለሙከራ ብሎ የጻፋት መስመር ተቀምጣለች። ማሽኑ እንዳያነባት ፊቷ ላይ የፓውንድ ምልክት (#) አደረግንባት፣ አለቀ።

ስለዚህ ሊኑክስ ላይ «ጌትኤንት ሆስትስ» ብላችሁ ስሙን አስከትሉ። ኤስኤስኤች የሚያገኘውን አድራሻ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ማክ ላይ ጌትኤንት የለም፤ ስሙን ፒንግ በሚለው ትእዛዝ አንኳኩና መጀመሪያ የሚወጣውን ቁጥር እዩ፣ ፒንጉ ባይመልስም ግድ የለም። በኤስኤስኤች ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይላችሁ አጭር ስም የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ኤስኤስኤች፣ ሰረዝ፣ ትልቁ ጂ፣ ከዚያ ስሙን ጻፉ። ሳይገናኝ፣ በየትኛው ስም ሊሄድ እንዳሰበ ይነግራችኋል።

ማሽኑ የሚጠይቀው ዲኤንኤስ በሚጻፍበት ሪዞልቭ ኮንፍ ፋይል ውስጥ 127.0.0.53 ስታዩ አትደንግጡ፤ እንደ ኡቡንቱ ባሉ ሊኑክሶች ላይ የማሽኑ የራሱ የስም ጥያቄ ተቀባይ ነው። በእጅ ብታስተካክሉትም ማሽኑ መልሶ ይጽፍባችኋል፤ አትድከሙ።

መግባቱ የሚሠራ ሆኖ የሚንቀራፈፍ ከሆነስ? ሰርቨሩ የእናንተን አድራሻ ወደ ስም ለመመለስ እየጣረ ይሆናል። ሊኑክስ ላይ በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ዲኤንኤስ 5 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ሁለት ጊዜም ይሞክራል። ሁለት ዲኤንኤስ ተመዝግቦ ሁለቱም ካልመለሱ 20 ሰከንድ ያህል ትቆማላችሁ። ብዙ ሰርቨሮች የሚጠቀሙበት የኤስኤስኤች ፕሮግራም፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ ይህን ፍለጋ የሚያዘውን «ዩዝ ዲኤንኤስ» የሚለውን ቅንብር ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በነባሪው ዘግቶታል፤ የቆየ ሰርቨር ላይ ግን ክፍት ታገኙታላችሁ። ንገሩን፣ እንዘጋዋለን።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሰርቨሩ ቁልፍ፣ ማለትም ማንነቱ የሚታወቅበት፣ ተቀይሯል የሚል ትልቅ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ማሽናችሁ የመዘገበውን የአሮጌውን ቁልፍ መስመር አጥፍታችሁ አትለፉት። ስሙ ወደ ሌላ ሰው ማሽን እየወሰዳችሁ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን እኛ ቀይረነው እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁን።

ሁሉም ካልሆነ የጌትኤንቱን ውጤትና ኤስኤስኤች ከሰረዝ ትንሹ ቪ ጋር ሲሠራ የሚያወጣቸውን መስመሮች በጽሑፍ ላኩልን። በስልክ የተነሳ ፎቶ ላይ ቁጥሩ አይነበብም። የግል ቁልፋችሁን ፋይል ግን አትላኩ፤ እኛም አንጠይቃችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል