ጥርሷ ላይ ሽቦ ስላላት ዘፋኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሚሚ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሙዚቃ ባንድ ውስጥ መግባትሽን ለአባትሽ ነግሬዋለሁ። «ትምህርቷስ?» አለና ዝም አለ። እንደ ፈቃድ ቁጠሪው።

የላክሽልኝን የእንግሊዝ ፓንክ ባንድ፣ የኤክስሬይ ስፔክስን ዘፈኖች ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሰማኋቸው። የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው፣ ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር። ሳክስፎኑ ይጮኻል፣ ዘፋኟ ልጅ ደግሞ ከሳክስፎኑ በላይ ትጮኻለች። ሆኖም መጀመሪያ ላይ ቀስ ብላ፣ ሴት ልጅ ትታይ እንጂ ድምጿ አይሰማ የሚሉ አሉ ብላ ወዲያው ስትፈነዳው ሳቄ አመለጠኝ። ያደግኩበትን ቤት የምታውቅ መሰለኝ።

«ጀርምፍሪ አዶለሰንትስ» ግን ሌላ ነው። ረጋ ያለ፣ ሬጌ ሬጌ የሚል ነገር አለው። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1978 ወጥቶ በእንግሊዝ የሙዚቃ ሠንጠረዥ 19ኛ ደርሷል፤ ከዚያ በላይ የወጣ ዘፈን የላቸውም። ጀርም ፈርታ ጥርሷን ደጋግማ ስለምትቦርሽ ልጅ ነው የሚያወራው። እኔ የሆስፒታል ወለል በበረኪና እየወለወልኩ የማድር ሰው ስለሆንኩ ከአንቺ ይልቅ ለእኔ የተዘፈነ ነው። ጓንቱን ሳወልቅ እጄ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ ታውቂያለሽ፤ ቤት ገብቼም ንጹሕ የሆንኩ አይመስለኝም።

የዘፋኟ የፖሊ ስታይሪን አባት ሶማሌ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም? የጎረቤት ልጅ ናት እኮ! እናቷ የዚሁ የብሪታንያ ሰው፣ እሷም ያደገችው ለንደን ውስጥ ብሪክስተን። በ19ኛ ዓመት ልደቷ ሄስቲንግስ ከተማ ላይ ሴክስ ፒስቶልስ የሚባለውን የፓንክ ባንድ አይታ፣ ባንድ ለማቋቋም በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣች። ከነጥርስ ሽቦዋ ቴሌቪዥን ላይ ስትዘፍን አየኋት፤ አፏን በእጇ አልሸፈነችም። አንቺ ሽቦሽ እስኪወልቅ ድረስ ፎቶ ላይ ስቀሽ አታውቂም።

አሁን የምልሽን ግን ሳትቆጪ ስሚኝ። ይቺ ልጅ በ1978 ዶንካስተር ከተማ ዘፍና ስትጨርስ በመስኮት ሮዝ ብርሃን ታያት፤ ሆስፒታል ገባች፣ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ነው ተባለች። ስሜትን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ባይፖላር የሚባል ሕመም መሆኑ የታወቀው በ1991 ነው። በ1979 ባንዱን ትታ ነበር፤ በ2011 ደግሞ በ53 ዓመቷ በካንሰር ሞተች። ልጇ ሴሌስት ቤል የተሳተፈችበትን ዘጋቢ ፊልም ሁለት ሌሊት ከፋፍዬ ነው ያየሁት፣ በአንዴ አልቻልኩትም።

ዝፈኚ፣ አልከለክልሽም። ጩኺም። ብቻ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ሁለት ሌሊት ከተከታተለ፣ ለጓደኞችሽ ሳይሆን ለእኔ ደውዪ። ሌሊት ሥራ ላይ ነኝ፣ አልተኛም፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው።

የዝግጅቱን ቀን ቶሎ ላኪልኝ፣ ተራዬን ከሰው ጋር ልቀይር። አክስትሽም ካልሄድኩ ብላለች። ነጠላዋን ለብሳ እንዳትመጣ እነግራታለሁ፣ ግን አትሰማኝም።

እናትሽ