ሰፈሮቹ ከመፍረሳቸው በፊት ታሪካቸው ይመዝገብ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ በብዛት የተወራው ስለ ቤቶቹ እርጅና እንጂ ስለ ሰፈሮቹ አመሠራረት አልነበረም።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት የኦሮሞ አርሶ አደሮችና ከብት አርቢዎች ይኖሩበት ነበር። ኋላም ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ሲሰጡ፣ እያንዳንዱ መኰንን ግቢውን ከጉብታው አናት ላይ አሠርቶ ወታደሩንና አሽከሩን በዙሪያው ስላሰፈረ፣ እንደ ራስ ብሩና ደጃች ውቤ ያሉት ሰፈሮች በጅረትና በሜዳ ተለያይተው የቆሙ መንደሮች ነበሩ። መኪና የማያስገባውን ጠመዝማዛ መተላለፊያ የድህነት ውጤት ብቻ አድርገው የሚያዩ ሰዎች (ባለሙያዎችም አሉባቸው) ይህን አሰፋፈር የዘነጉት ይመስለኛል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የአራዳ ገበያ ወደ መርካቶ ተዛወረ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ደግሞ ባለ ሰገነቱ የመኳንንት ቤት በጣውላና በኮምፔርሳቶ ተከፋፍሎ የብዙ አባወራ ማደሪያ ሆነ፤ የሰገነቱ የእንጨት መደገፊያ ልብስ ማስጫ፣ ሰፊው አዳራሽ የጋራ ማእድ ቤት ሲሆን አይተናል። ጣሪያው ሲያፈስ ግን የሚያድሰው አልነበረም።

ስለዚህ ገና ያልተነሡት ሰፈሮች ከመፍረሳቸው በፊት ይዞታቸው ተለክቶ፣ ፎቶግራፋቸው ተነሥቶ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወሩ አረጋውያንም ቃላቸው ተቀርጾ በከተማው ቤተ መዛግብት እንዲቀመጥ፣ የሚመለከተው አካል በጀት እንዲይዝለት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአራዳ ነዋሪ