«ዋጋው የታለ?» የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። የዳቦ ቆሎ መሸጫ ድረ ገጽ። ሌሎቹ ክበባት ችግኝ ተክለዋል፣ ድራማ አሳይተዋል፣ ጥያቄና መልስ አዘጋጅተዋል። እኛ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አንዲት ገጽ ላይ እንዳፈጠጥን ከረምን። «እስካሁን አላለቀም እንዴ?» ያለኝ የሥራ ባልደረባ ብዛቱ!

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ቤታቸው ዳቦ ቆሎ ይሠራሉ። ዱቄቱን በበርበሬና በዘይት ያሻሉ፣ እያድቦለቦሉ ይቆራርጣሉ፣ ከዚያ ምጣድ ላይ ያምሱታል። በሩብ ኪሎ በሩብ ኪሎ ላስቲክ ውስጥ አሽገው መናኸሪያ አካባቢ ላሉ ሱቆች ያስረክባሉ። አዳማ የመንገደኛ ከተማ ናት። ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚሄደውም፣ ወደ አሰላና ባሌ የሚወጣውም በዚህ ያልፋል። መንገደኛ ደግሞ የሚቆረጥም ነገር ይፈልጋል። «ቲቸር፣ ለእናቴ ዌብሳይት ብንሠራላትስ?» አለችኝ። እሺ ለማለት አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝም። ያለፉት ዓመታት ልጆቹ «ስለ ትምህርት ቤቴ» እያሉ የሠሯቸውን ገጾች ከእኔ በቀር ማንም አላነበባቸውም። አሁን እውነተኛ ደንበኛ መጣልን።

የመጀመሪያው ቀን በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን ድረ ገጽ አሳየኋቸው። ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የከፈተውን። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው። ጽሑፍና ማያያዣ ብቻ። ልጆቹ ሳቁበት። «ቲቸር፣ ይሄማ ኖት ፓድ ነው!» አሉ። ምን ለማለት እንደፈለግሁ የገባቸው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

የራሳቸው የመጀመሪያ ገጽ በታኅሣሥ ተጠናቀቀ። ቀይ መደብ፣ ቢጫ ፊደል፣ ከላይ እየተንሸራተተ የሚያልፍ «እንኳን ደህና መጡ»፣ ሲከፈት በራሱ የሚጀምር ሙዚቃ። እውነቱን ለመናገር ኮዱን ስላየሁት ኮራሁባቸው። ሲኤስኤስን፣ ማለትም የገጽ ቀለምና አቀማመጥ የሚወሰንበትን ቋንቋ፣ ካስተማርኳቸው በላይ ተምረዋል። ከዚያ አንዱ ልጅ ገጹን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ አሳያቸው። ጋሼ ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙና በጣታቸው ወደ ላይ ወደ ታች አደረጉት። ሙዚቃውን ሰሙ። ከዚያ፣ «ጥሩ ነው ልጄ። ዋጋው የታለ?» አሉ።

ዋጋው የትም አልነበረም። ስልክ ቁጥሩም ከግርጌ በነጭ መደብ ላይ በቢጫ ተጽፎ ነበር፤ አይነበብም።

ያን ሳምንት ኮምፒውተር አልከፈትንም። ልጅቷ አንድ ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ሱቅ ለሱቅ ዞረች። ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ስንት ነው? ቅቤ አለው? በርበሬው ያቃጥላል? መቼ ነው የተሠራው? ለውዝ ገብቶበታል? አምስት ስወስድ ስንት ይሆናል? ለልጅ ይሆናል? ገጹን በዚያ ቅደም ተከተል እንደገና ሠራነው። ጥያቄው እንደመጣ፣ መልሱ እንደተከተለ። «ስለ እኛ» የሚለውን ረጅም ጽሑፍ አወጣነው። የጻፈው ልጅ ሁለት ሳምንት አኮረፈን። «የጾም ነው፣ ቅቤ የለውም» የምትለዋ አጭር መስመር ግን ሁዳዴ ሲገባ ከሁሉ ጎልታ ወደ ላይ ወጣች።

ፎቶው ሌላ ጣጣ ነበር። መጀመሪያ ማታ በፍላሽ አነሱት፤ ላስቲኩ አብረቀረቀና ዳቦ ቆሎው ጠፋ። ቀጥሎ ጠዋት ደጅ ጥላ ሥር፣ ስፌት ላይ፣ አጠገቡ የቡና ሲኒ አድርገው አነሱት። ሲኒዋ ጌጥ አይደለችም፤ ሩብ ኪሎ ምን ያህል እንደሆነ ዓይን የሚለካው በእሷ ነው። ፎቶዎቹ ግን እያንዳንዳቸው ወደ 4 ሜጋባይት ነበሩ። በዳታ ሲከፈት ገጹ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ያስጠብቃል። አሳንሰን ወደ 100 ኪሎባይት አካባቢ አወረድናቸው። በስልክ ላይ ልዩነቱን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ከፊደል ጋርም ተጣልተናል። አንድ ቀን አማርኛው ሁሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ተዘረገፈ። ገጹ የተጻፈበት ኮድ (ኤችቲኤምኤሉ) ውስጥ፣ ፊደሉ በየትኛው አሠራር እንደሚነበብ የምትናገረውን «ዩቲኤፍ-8» የምትል መስመር አንዱ ልጅ ሳያውቅ ሰርዟታል። እኔ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ ሳይለመድ በፊት የነበረውን ዘመን አስታውሳለሁ። በአንዱ ኮምፒውተር የጻፍከው አማርኛ በሌላው ኮምፒውተር ጉድ ሆኖ ይከፈት ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህን ስነግራቸው «እኛ ሳንወለድ!» አሉኝ። እድሜዬን አስታወሱኝ።

አዳማ ላይ ስለሆንን ገጹ በአፋን ኦሮሞም መሆን ነበረበት። እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ አናባቢም ተነባቢም ስለሚደጋገም ቃሉ ይረዝማል። በአማርኛ ልክ የተሰፋው ቁልፍ በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ጽሑፉ ከሳጥኑ ወጥቶ ተንጠለጠለ። በተቃራኒው የላቲኑ ፊደል ትንሽ ሆኖም ይነበባል፤ የእኛ ግን ሲያንስ «ጨ»ና «ጬ» አይለዩም። ስለዚህ የአማርኛውን ፊደል ከፍ፣ የቁልፉን ስፋት ደግሞ በቁጥር ከመወሰን እንደ ጽሑፉ እንዲለጠጥ አደረግን።

የዘይት ዋጋ ሲጨምር እናትየው ዋጋ አስተካከሉ። ዋጋውን ሦስት ቦታ ጽፈነው ነበር። ሁለቱን ቀየርን፤ ሦስተኛው ፎቶው ውስጥ የተጻፈ ስለነበር ተረሳ። አንድ ደንበኛ ደውሎ በድሮው ዋጋ ሙጭጭ አለ። እናትየው «የተጻፈ የተጻፈ ነው» ብለው በድሮው ሸጡለት። ኪሳራው የእሳቸው፣ ጥፋቱ የእኛ። አሁን ዋጋ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ፎቶ ላይ ምንም አይጻፍም።

ከሁሉ ያሳቀኝ የቀኑ ጉዳይ ነው። ማሸጊያው ላይ የመጠቀሚያ ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 2017 ተብሎ ተጽፏል። ከውጭ ለበዓል የመጣ የአንዷ ልጅ ዘመድ ገጹ ላይ ፎቶውን አይቶ «ጊዜው ካለፈ ዓመታት የሆነውን ነው የምትሸጡት?» አለ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» አለ። ገጹ ላይም፣ ላስቲኩ ላይም።

ክፍያን በተመለከተ ልጆቹ ከገጹ ላይ በቀጥታ በቴሌብር የሚከፈልበት ቁልፍ አምሯቸው ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰዉ ለምዶታል፤ አይፈረድባቸውም። ግን ለዚያ ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እናትየው ደግሞ ገና በሂደት ላይ ናቸው። ስለዚህ ትልቅ «ይደውሉ» የሚል ቁልፍ አደረግን። ስትነካው ስልኩ ራሱ ይደውላል፤ ሒሳብ ዕቃው እጅ ሲገባ ይከፈላል። መጀመሪያ የራሳቸውን ቁጥር ነበር ያስቀመጥነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚደውል ሰው ሲበዛ ሌላ ሲም ካርድ ወጣ፣ የሥራ ሰዓትም ተጻፈ። የቤታቸውን ካርታም ያኔውኑ አነሣን።

«ቴሌግራም ቻናል አይበቃም ነበር?» የሚሉኝ መምህራን አሉ። ለመሸጥ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይበቃ ነበር። ቻናል ላይ ግን የትናንት ዋጋ በዛሬው ፎቶ ይሸፈናል፤ የመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ገጹ ላይ መልሱ ካለበት አይነቃነቅም። ደግሞ ክበብ ነንና፣ የሚማሩበት ነገር እፈልጋለሁ።

የሸጥነው ብዙ አይደለም። በገጹ በኩል የሚመጣው ትዕዛዝ በሳምንት ሦስት አራት ቢሆን ነው። እናትየውን የበለጠ የጠቀማቸው ሌላ ነው፤ አዲስ ሱቅ ሲገቡ ስልካቸውን አውጥተው ገጹን ያሳያሉ። ባለሱቁ የማያውቀውን ሰው ዕቃ ለመያዝ ያን ያህል አያመነታም።

ያልጨረስነው አለ። የአፋን ኦሮሞው ገጽ ላይ ስለ ለውዝ የሚናገረው መስመር ገና አልገባም፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው ስላለ ይህ መቅደም ነበረበት። ኮዱን አብዛኛውን የጻፈው ልጅ 12ኛን ጨርሶ ይሄዳል። የ9ኛ ክፍሎቹ ከመስከረም ጀምሮ ይረከባሉ። የይለፍ ቃሉ በፖስታ ታሽጎ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ክበቡ እንደወትሮው ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ላብ ውስጥ ይገናኛል። ዳቦ ቆሎ ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው፤ ሁለት ኪቦርድ ዘይት በዘይት ሆኗል።