ስለ ሐይቁ ዳርቻ ፕላን ለአባላት በሙሉ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፦

የጣናን ዳርቻ መልሶ ለማልማት በሚዘጋጀው ፕላን ላይ አስተያየታችንን በጽሑፍ ለማቅረብ የፊታችን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እንሰበሰባለን።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የባሕር ዳርን ሁለት ወገን ይበልጥ አቀራርቧል፤ ደስ ይላል። የእኛ ሥጋት ግን በሐይቁ ዳር ስለሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገል ከከተማው በጎርፍ የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ ያጣራል፣ ዓሣ ይራባበታል፣ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ይሠራበታል። ዳርቻው በኮንክሪት ከታጠረ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ሳይጣራ የሚገባው ፍሳሽም እምቦጭ የተባለውን መጤ አረም ይመግባል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህ በፕላኑ መግቢያ ላይ ብቻ ሳይሆን በካርታው ላይም ይታይ።

በፕላኑ ያለውን የእግረኛ መንገድ በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ሐይቁን ለማየት ቡና መግዛት ግዴታ መሆን የለበትም። ነገር ግን ከዳርቻው ለሚነሡ ነዋሪዎች ምትክ ቦታ ከውኃው ርቆ ከተሰጠ፣ ዓሣ አጥማጁ በምን ይተዳደራል? ይህ ጥያቄ በደብዳቤያችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ መስፈር አለበት እላለሁ።

የይዞታ ማረጋገጫ ያላችሁ ቅጂውን ይዛችሁ ኑ። በታንኳና በዓሣ ሥራ የሚተዳደሩ ጎረቤቶቻችሁንም ጋብዙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ ጸሐፊ