ስለ ጠመንጃህ መነጽር

ሱሉልታ፣ ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታዬ በዛ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅር በለኝ። እዚህ ድርቆሹ ታጭዶ ተከምሯል፣ ጠዋት ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነው የሚነጋው። «ለ375 ሆላንድ ጠመንጃዬ ምን ዓይነት ማነጣጠሪያ መነጽር ልግዛ? አንዱ ለኦሞው ጎሽም ለአርሲው የደጋ አጋዘንም ይሁነኝ» ያልከኝ ግን ከልቤ አልወጣም።

ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ብሎ ነው። ለጎሽ የሚያስፈልግህ ትልቁ ቁጥር ሳይሆን ትንሹ ነው። ጎሽ ጥሻ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜትር በታች ነው የሚተኮሰው፤ ቆስሎ ከዞረብህ ደግሞ ርቀቱ በእርምጃ ይቆጠራል። ከ3 እጥፍ የሚጀምር መነጽር በ10 ሜትር ላይ ጥቁር ጠጉር ብቻ ያሳይሃል፤ ትከሻ ይሁን ሆድ አትለይም። ስለዚህ ከ1 የሚጀምር ውሰድ፤ ከ1 እስከ 4 ወይም ከ1 እስከ 6፣ የፊት መስታወቱ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ። በ1 ላይ ሁለቱንም ዓይንህን ገልጠህ ታነጣጥራለህ። ለአጋዘኑ 6 እጥፍ እስከ 200 ሜትር ይበቃሃል፣ ከዚያ በላይ በ375 ባትተኩስ ደስ ይለኛል።

«24 አነሰ» እንዳትለኝ። 24ን ለ4 ስታካፍል 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብርሃን ወደ ዓይንህ ይደርሳል፤ የሰው ብሌን በወገግታ የሚከፈተውም ከዚህ ብዙ አይበልጥም። በ6 ላይ ግን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚቀርህ ጎህ ሲቀድ ወደ 4 መልሰው። ፊታቸው 50 እና 56 ሚሊ ሜትር የሆኑት ከፍ ብለው ስለሚታሰሩ ጉንጭህ ከሰደፉ ይነሳል፤ ክብደታቸውም በምቱ ጊዜ በቪቴዎቹ ላይ ይጫናል።

ለቅንድብህ ደግሞ እዘንለት። 4 ኪሎ የሚመዝን 375 ወደ ኋላ የሚመታው 30-06 ከሚባለው የተለመደ የአደን ጠመንጃ እጥፍ ገደማ ነው። ከዓይንህ እስከ መነጽሩ ጠርዝ ቢያንስ 9 ሳንቲ ሜትር ይኑር፤ 10 ቢሆን ደግሞ እሰየው። ተኝተህ ወይም ወደ አቀበት ስትተኩስ ጭንቅላትህ ሳይታወቅህ ወደፊት ይመጣል፣ ቅንድብ የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው። ስታስተካክል መነጽሩን ትልቁ ቁጥር ላይ አድርገህ፣ የአደን ጃኬትህን ለብሰህ፣ ቆመህም ተኝተህም ሞክር፤ ምስሉ ሙሉ ሆኖ እየታየህ ወደፊት የምትገፋውን ያህል ግፋው።

የውስጡ ምልክት ወፍራም ይሁን። ሦስት ወፍራም ዘንግ ወደ መሐል የሚጠቁሙበትና መሐሉ ላይ የምትበራ ቀይ ነጥብ ያለው ለጥቁር እንስሳ የሚተካው የለም። ስታጎላ ምልክቱም አብሮ የሚያድግ ዓይነት በ1 ላይ እንደ ሸረሪት ድር ስለሚቀጥን ለጎሽ አይሆንም። ባትሪው ብዙ ጊዜ 2032 የሚባለው ክብ ጠፍጣፋው ነው፤ ትርፍ ያዝ። ትሪጂኮን የሚባለው ኩባንያ አኩፖይንት ያለው ከ1 እስከ 4 መነጽር ባትሪ አያሻውም፤ ነጥቡን የሚያበራው የቀን ብርሃንና በጨለማ የሚያበራው ትሪቲየም ነው።

አሁን ሰው የሚሰስትበት ነገር ላይ ደረስን። በጀትህ ጠቦ ምርጫ ውስጥ ከገባህ ከመስታወቱ ቀንስና ለማሰሪያው ጨምር። መነጽሩን የሚይዘው ቀለበትም፣ ቀለበቱ ጠመንጃው ላይ የሚያርፍበት መቀመጫም ብረት ይሁን፣ ያለ መሣሪያ በእጅ የሚፈታም ይሁን፤ ማንሻዎቹ በግራ በኩል ቢውሉ እጅህንና ቀለሁን አያደናቅፉም። የሚፈታ የሚያስፈልግህ መስታወቱ ሲሰበር ወይም ዝናብ ሲጋርደው በብረቱ ማነጣጠሪያ እንድትቀጥል ነው፤ የብረቱንም በ50 ሜትር ላይ ቀድመህ አስተካክለው። ጠመንጃህ ሲዜድ 550 ከሆነ መቀመጫው ከራሱ አካል የተቀረጸ ነው፣ ለሱ የተሠራ ቀለበት ብቻ ግዛ። በቪቴ የሚታሰር ከሆነ 6-48 የሚባለውን ቀጭን ቪቴ 8-40 በሚባለው ወፍራም ለማስቀየር ባለሙያ ፈልግ፤ የዚህን ጠመንጃ ምት ቀጭኑ ብዙ አይችለውም።

375 ሆላንድ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ያለ፣ ርዝመቱ 91 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥይት ነው፤ ጥይቱ ሲረዝም የመቀርቀሪያው ቤትም ይረዝማል፣ ሁለቱ ቀለበቶች ይራራቃሉ። አጭር መነጽር ገዝተህ ቱቦው ካልደረሰ ገንዘብህ ባከነ። ቀለሁ ሲወረወር በቀኝ በኩል ካለው የማስተካከያ ጉብታ ጋር እንዳይጋጭም ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት ደጋግመህ ሞክረው። የድሮ ማውዘር ከሆነ ወደ ላይ የሚቆመው መጠበቂያ (ሴፍቲ) መነጽሩን ይነካል።

ስታስር የቪቴውንም የቀዳዳውንም ዘይት በአልኮል አጽዳ። በመቀመጫው ቪቴዎች ላይ እንዳይላሉ የሚይዛቸውን ሙጫ፣ ሰማያዊውን ሎክታይት፣ አንዲት ጠብታ። የቀለበቱን ቪቴዎች እያፈራረቅህ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ፤ በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ለቀለበት 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፣ አምራቹ ሌላ ካለ የእሱን ስማ። በክንድ ጉልበት ያጠበቀ ሰው ቱቦውን ይጨፈልቅና ቁጥር መቀየሪያው ሲከብደው መነጽሩን ይረግማል።

መጀመሪያ በ25 ሜትር፣ ቀጥሎ በ100። የማስተካከያው ጉብታ አንዱ ቀጭታ በ100 ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር የሚያንቀሳቅስ ከሆነ በ25 ሜትር ሩብ ሳንቲ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሦስት ሦስት ጥይት ተኩሰህ አረፍ በል፤ ምቱን መፍራት የጀመረ ትከሻ ምንም አያስተካክልም። ከዚያ መነጽሩን ፍታ፣ መልሰህ እሰር፣ ሦስት ተኩስ። ከ5 ሳንቲ በላይ ከሸሸ ማሰሪያውን መልሰው። 300 ግሬን (19 ግራም ገደማ) የሚመዝን ጥይት በ100 ከተስተካከለ በ150 ሜትር አምስት ስድስት ሳንቲ ይወርድልሃል። ከደጋ ወደ ቆላ መውረድህ በዚህ ርቀት ለውጡ አይታይም፤ መንገዱ ግን ያናጋዋልና ካምፕ ስትደርስ ሁለት ጥይት አባክን። ከቀዘቀዘ መኪና አውጥተህ ወዲያው አታነጣጥር፣ መስታወቱ ላብ ያወጣል።

ይህን ሁሉ ግን በፈቃድ በተኩስ ሜዳ። የሱሉልታ ሜዳ ሰው የሞላበት ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ቀልድ አያውቅም። መነጽሩን ከውጭ ከማስመጣትህ በፊት መግባት ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ።

አሁን የጠመንጃህን ሞዴልና በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክተህ ላክልኝ፣ የትኛው ቱቦ እንደሚደርስ እነግርሃለሁ። ለእማማ ጉልበት ስሜያቸዋለሁ በልልኝ።

ወንድምህ