ከሰርተፊኬቱ በፊት ቀዳዳውን ቁጠሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ሳይበር ደህንነት ሲነሳ ወሬው ሁሌም ባንክና ቴሌ ነው። መንገድና ድልድይ ዲዛይን የሚያደርጉ፣ ግንባታ የሚቆጣጠሩ፣ ፋብሪካ የሚተክሉ፣ የውኃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶች አይነሱም። ከባሕር ዳር በዳንግላና በቡሬ ዞሮ እስከ ደጀን ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ስንት የምህንድስና ቢሮና ስንት ሳይት እንዳለ ግን አንባቢ ያውቀዋል። "ከእነዚህ የትኛው ነው መረጃውንና ማሽኑን በወጉ የሚጠብቀው?" ብሎ የሚጠይቅ አሠሪ ሲገኝ ደስ ይላል። ያልጣመኝ መልሱ የሚፈለግበት መንገድ ነው።

የተለመደው ማወዳደሪያ ቅጽ ነው። አንቲቫይረስ አላችሁ? ፋየርዎል አላችሁ? ባክአፕ ትይዛላችሁ? ሰርተፊኬት አላችሁ? አዎ፣ አዎ፣ አዎ፣ የለም፤ ሦስት ከአራት፣ 75 በመቶ። ጎረቤቱ አራት ከአራት ሞልቶ አንደኛ ይወጣል። እንዲህ ያለው ቅጽ የሚለካው የመሙላት ችሎታን ነው።

አጥር የሚመዘነው ጅብ በሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ የቀረው መቶ ሜትር ጠንካራ መሆኑ በጉን አያተርፈውም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 የአሜሪካው ኮሎኒያል ፓይፕላይን ነዳጅ ማስተላለፊያውን ለቀናት የዘጋው የኮምፒውተር ሌቦች በአንድ የቪፒኤን (ከሩቅ ሆኖ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ መግቢያ) አካውንት ስለገቡ ነበር። አካውንቱ ሥራ ላይ መዋሉ የቀረ፣ ከፓስወርድ በቀር ወደ ስልክ እንደሚላክ ኮድ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ ያልተደረገለት ነበር። ድርጅቱ ለሌቦቹ 75 ቢትኮይን፣ በጊዜው ዋጋ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። አዎና አይ በሚያስሞላ ቅጽ ላይ እንዲህ ያለ አንድ አካውንት የሚታይበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ቆጠራ ይቅደም። ከሰው ኃይል የዚህ ወር የደመወዝ ዝርዝር ይምጣ፤ ከሰርቨሩ ደግሞ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይታተም። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በየስሙ እያመሳከሩ መሰረዝ ነው። 60 ሠራተኛ ባለው ቢሮ 85 አካውንት ቢገኝ፣ ከተረፉት 25 ጥቂቶቹ የፕሪንተርና የባክአፕ ይሆናሉ። የቀሩት የለቀቁ መሐንዲሶች፣ ለልምምድ መጥተው የተመለሱ ተማሪዎች፣ ደግሞም ሳይት ላይ አምስት ሰው የሚጋራቸው "ሳይት 1"፣ "ሳይት 2" የሚባሉት ናቸው። ቢሮ ከቢሮ በዚህ ትርፍ ቁጥር ይነጻጸር፤ ትልቁ እንዳይጎዳ ለሠራተኛው ብዛት ይካፈል። የአድሚን (ሥርዓቱን ሁሉ የመለወጥ) መብት ያላቸው ግን ለብቻቸው ይቆጠሩ፤ እዚያ ላይ ማካፈል የለም። ከስምንት አድሚን ሰባቱ ሁለተኛ ማረጋገጫ ካላቸው መዝገቡ ላይ "ሰባት ከስምንት" ተብሎ አይጻፍ፤ "አንድ ክፍት" ተብሎ ይጻፍ። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

የዲዛይን ቢሮን ከሌላው ቢሮ የሚለየው አውቶካድ የተባለው የስዕል መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ የሳይበር ቅጾች ደግሞ ስሙን እንኳ አያነሱትም። አውቶካድ አንድ ስዕል ሲከፍት እዚያው ፎልደር ውስጥ "አካድ ነጥብ ኤልኤስፒ" ወይም "አካድዶክ ነጥብ ኤልኤስፒ" የሚባል የትእዛዝ ፋይል ካገኘ፣ ካልተከለከለ በቀር ማንንም ሳይጠይቅ ያስነሳዋል። የተሠራው ለመሐንዲሱ ምቾት ነበር፤ ቫይረስ ጸሐፊዎችም ተመቻቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጋለጠው አካድ ሜድሬ የተባለው ቫይረስ በዚሁ በር ገብቶ ስዕሎችን እየሰረቀ ቻይና ውስጥ ወዳሉ የኢሜይል አድራሻዎች ሲልክ ተገኘ። በብዛት የተገኘው ፔሩ ነበር። "ማን እኛን ብሎ ይመጣል?" ለሚሉ መልሱ ይኸው ነው፤ ስዕሉን ተከትሎ ይመጣል እንጂ አድራሻ አይጠይቅም።

በእኛ አካባቢ ስዕል የሚጓዘው በፍላሽ ነው። ከአማካሪው ወደ ተቋራጩ፣ ከተቋራጩ ወደ ሰርቬየሩ፣ ከሰርቬየሩ ወደ ፕሪንት ቤት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜማ ሌላ አማራጭም አልነበረም፤ በዚያ ላይ የዊንዶውስም የአንቲቫይረስም ማሻሻያ መምጣቱን አቆመ። ክራክ ሶፍትዌሩም አለ። ክራኩን ለመጫን መጀመሪያ አንቲቫይረሱ ይዘጋል፤ ከዚያ መልሶ መክፈት ይረሳል። ቅጹ ላይ ግን "አንቲቫይረስ፦ አለ"።

ሙከራው ቀላል ነው። ሰርቨሩ ላይ ከላይ የተጠሩትን ሁለት የፋይል ስሞችና በ"ፋስ" እና በ"ቪኤልኤክስ" የሚያልቁ ወንድሞቻቸውን መፈለግ። ከአውቶካድ የራሱ ፎልደር ውጭ፣ ከፕሮጀክት ስዕሎች ጎን ተቀምጦ የተገኘ ሁሉ ቢሮው ሆን ብሎ ያስቀመጠው መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ቫይረስ ይቆጠር። ቀጥሎ በየኮምፒውተሩ አውቶካድ ተከፍቶ የትእዛዝ መስመሩ ላይ "ሴኪዩርሎድ" የሚባለው ቅንብር ይጠየቅ፤ ከ2014 ቅጂ ወዲህ ባሉት ሁሉ አለ። 0 ካለ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። 1 ካለ ያልታወቀ ነገር ሲመጣ ያስጠነቅቃል፤ የሚቸኩል ድራፍተር ግን ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ያልፈዋል። 2 ካለ ከታመኑ ፎልደሮች ውጭ ምንም አያስነሳም፤ መሆን ያለበትም ይህ ነው። ከ2 በኋላም አትመኑ፤ "ትረስትድፓዝስ" የሚለውን ዝርዝር እዩ። ማስጠንቀቂያው የሰለቸው ሰው የፕሮጀክቱን ድራይቭ በሙሉ የታመነ ብሎ አስገብቶት ከሆነ ቁልፉን ከበሩ ስር እንዳስቀመጠ ይቆጠራል። የታመነ መባል ያለበት ተራ ተጠቃሚ ሊጽፍበት የማይችል ፎልደር ብቻ ነው።

ጽዳቱ ላይም አንድ ስህተት ይደጋገማል። አንድ ኮምፒውተር ይጸዳል፣ በማግሥቱ ቫይረሱ ተመልሶ ይገኛል፣ አይቲው ይወቀሳል። ቫይረሱ በተከፈተው ፎልደር ሁሉ ራሱን እየገለበጠ ስለሚሄድ በየተራ ማጽዳት አያልቅም። የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎ፣ መጀመሪያ ሰርቨሩ፣ ከዚያ ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ቀን፣ በመጨረሻ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ፍላሽ። በዚፕ ታሽገው የተቀመጡ የቆዩ ፕሮጀክቶችም አይረሱ።

ባክአፕ ላይ "አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ "በስንት ሰዓት ይመለሳል?" ነው ጥያቄው። አወዳዳሪው ራሱ አንድ የቆየ ፕሮጀክት ይምረጥ፤ አምና ያለቀ የድልድይ ዲዛይን እንበል። አይቲው ባዶ ኮምፒውተር ላይ እንዲመልሰው ይጠየቅና ሰዓት ይያዝ። ሰዓቱ የሚቆመው መሐንዲሱ ስዕሉን ከፍቶ "ሙሉ ነው" ሲል ነው። ጉድ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ስዕሉ ይከፈታል፤ ከሱ ጋር የተያያዙት ኤክስሬፎች (ከሌላ ፋይል የሚጠሩ ስዕሎች) ግን የለቀቀ ሠራተኛ ዴስክቶፕ ላይ ስለነበሩ የሉም። የአማርኛ ፎንቱ ስላልተቀመጠ ርዕሱ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። የስትራክቸር ስሌቱ አለ፤ የተሠራበት የሶፍትዌር ቅጂ ግን የለም። የፒችትሪ ሒሳቡ ተከፍቶ እያለ ስለተገለበጠ አልከፈት ይላል። የባሰው ደግሞ ኤክስተርናል ሃርድዲስኩ ዓመት ሙሉ ከሰርቨሩ ጀርባ ሳይነቀል መኖሩ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ሲመጣ የተሰካ ዲስክ ለሱ አንድ ተጨማሪ ፎልደር ነው፤ አብሮ ይቆልፈዋል። የጎጃም ገበሬ የዘር ጤፉን ከሚበላው ጋር አንድ ጎታ ውስጥ አይከትም። ሁለት ዲስክ ተገዝቶ በየሳምንቱ ዓርብ እየተቀያየረ፣ የተነቀለው ሌላ ሕንጻ ውስጥ ቁልፍ ያለው ሳጥን ቢገባ ለአብዛኛው ቢሮ በቂ ነው።

የመነቀል ጥቅም እ.ኤ.አ. በጁን 2017 በደንብ ታይቷል። ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት የመርከብ ድርጅቱን የሜርስክን ኮምፒውተሮች በዓለም ዙሪያ ሲያወድም፣ የተጠቃሚዎቹን ሁሉ ዝርዝር ከያዙት ሰርቨሮች የተረፈው ጋና የነበረው አንዱ ብቻ ነበር። ያተረፈው በዚያች ሰዓት እዚያ መብራት ጠፍቶ መሆኑ ነው። መብራት ኃይልን ማመስገን ለለመደብን ሰው ይከብዳል፤ ቢሆንም ነገሩ እንዲህ ነው።

እስካሁን ያልኩት ለዲዛይን ቢሮ ነው። ማሽን የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ሌላ ሚዛን ይፈልጋል፤ የጣና በለስን ያህል 460 ሜጋ ዋት ጣቢያና አምስት ሰው ያለበትን የዲዛይን ቢሮ በአንድ ቅጽ መመዘን አህያና ሚዳቋን አንድ ቀንበር መጫን ነው። ቢሮ ውስጥ የዊንዶውስ ማሻሻያ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጫን ጥሩ ውጤት ነው። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ግን የማሽኑ አቅራቢ ያልፈተሸውን ማሻሻያ በሥራ ሰዓት የጫነ ሰው ፓምፑን ሊያቆመው ይችላል። እዚያ መጠየቅ ያለበት ያልተሻሻለው ኮምፒውተር ከቢሮው ኔትወርክ በምን ተለይቷል የሚለው ነው። ሞድባስን የመሰለ የቆየ የማሽን ቋንቋ ፓስወርድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ገመዱ ጋ የደረሰ ሁሉ ያዘዋል።

ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ፒኤልሲውን (ማሽኑን የሚያዘውን ትንሽ ኮምፒውተር) ፕሮግራም የሚያደርገው ላፕቶፕ ማታ ቤት ሄዶ ፊልም ይታይበታል ወይ? ሁለተኛ፣ ማሽኑን የተከለው የውጭ ድርጅት ከሄደ በኋላ ኤኒዴስክ የተባለው ከሩቅ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ወይም ሲም ካርድ ያለው ራውተር ፓነሉ ውስጥ በርቶ ቀርቷል ወይ? ለዚህ ወረቀት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ፓነሉን ከፍቶ ማየት ነው። ሦስተኛው ምንም ወጪ የለውም፤ የቁልፉ ቦታ ነው። ብዙ ፒኤልሲ ፊቱ ላይ "ራን" (መሥሪያ) እና "ፕሮግራም" (ትእዛዙን መለወጫ) የሚል መዞሪያ ቁልፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳዑዲ ውስጥ በአንድ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የደረሰው ትራይቶን የተባለው ጥቃት የአደጋ መከላከያውን መቆጣጠሪያ መለወጥ የቻለው ቁልፉ "ፕሮግራም" ላይ እንደተተወ ስለነበር ነው። ስለዚህ አወዳዳሪው በፋብሪካው እየዞረ ስንቱ ቁልፍ "ራን" ላይ እንዳለና ስንቱ ከነመክፈቻው ተሰክቶ እንደቀረ ይቁጠር። ይህ አንድ ቁጥር ስለ ድርጅቱ ልማድ ከመቶ ገጽ ፖሊሲ ይልቅ ይናገራል።

ገንዘቡንም አንርሳ። አሩፕ የሚባለው የታወቀ የእንግሊዝ የምህንድስና አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አጥቷል፤ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ገንዘቡን ያስተላለፈው ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ያያቸው አለቆቹና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር የተፈበረኩ ነበሩ። ይህን ሊያቆመው ይችል የነበረው ሶፍትዌር ሳይሆን የአሠራር ደንብ ነው። የተቋራጭ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል መልእክት ሲመጣ፣ በኢሜይልም ይሁን በቴሌግራም፣ መልእክቱ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን መጀመሪያ በተፈረመው ውል ላይ ባለው ስልክ ተደውሎ ይጣራ፤ ሁለት ሰው ይፈርምበት። ማወዳደሪያው የዓመቱ የሒሳብ ቁጥር ለውጦች ፋይል ነው፦ ስንት ለውጥ፣ ስንቱ ላይ የስልክ ማጣሪያ ተመዝግቧል?

ሰርተፊኬትን በጥላቻ አላነሳሁትም። አይኤስኦ 27001 የተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ደህንነት መስፈርት በ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) እትሙ 93 መቆጣጠሪያዎች አሉት፤ ከልብ የሠራበት ድርጅት ይጠቀማል። ሰርተፊኬት ሲቀርብ ግን የሚሸፍነው ክልል የተጻፈበት መስመር ይነበብ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ ተጽፎ ከሆነ ፍኖተ ሰላም ያለው ሳይት ከሽፋኑ ውጭ ነው። ከውጭ ሆነው የኢንተርኔት አድራሻን አይተው ነጥብ የሚሰጡ አገልግሎቶችም አሉ። ኢሜይሉ ጂሜይል፣ ድረ ገጹ ውጭ አገር የተከራየ፣ ቢሮው በአንድ የቴሌ መስመር የተሸፈነ ድርጅት ከውጭ ምንም ስለማይታይ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። ውስጡን አይተው አይደለም።

ማወዳደሩን ለሚጀምር አካል ሁለት ነገር ልጨምር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሌላ ሰው ሥርዓት ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ "ለፍተሻ ነው" ማለት ብቻውን አያድንም። የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው ቀን፣ ማን እንደሚፈትሽ የሚገልጽ በኃላፊው የተፈረመና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በእጅ ሳይያዝ አንድም ገመድ አይሰካ።

ሁለተኛው ውጤቱ ነው። የተሞላው ሠንጠረዥ የማን በር የት ጋ እንደተከፈተ የሚያሳይ ካርታ ስለሆነ በኢሜይል አይላክ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፣ በዚያው በተፈተሸው ሰርቨር ላይም አይቀመጥ። በሁለት ኮፒ ታትሞ አንዱ ለኃላፊው በእጁ፣ ሌላው ለአወዳዳሪው ይሰጥ። ጋዜጣችሁም ቢደርሳችሁ ክፍቶቹ መዘጋታቸው ተፈትሾ እስኪረጋገጥ ድረስ የድርጅቶቹን ስም ባታወጡ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኔትወርክና የኮንትሮል ባለሙያ
ደብረ ማርቆስ